ጣፋጭ ለማይስማማው ልጅ የሚሆን ድንች

ለገበሬዎች፣ ለቤት እመቤቶችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ ድንች ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዘሩን ስለ መምረጥ፣ አፈር ስለ ማልበስ፣ ቅጠሉን ስለሚያደርቀው በሽታ ሰምታችኋል። ዛሬም የምነግራችሁ ስለ ድንች ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ሔክታር ስንት ኩንታል እንደሚገኝ አልነግራችሁም። የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ልጅና ለእርሱ ተብሎ ስለሚለይ አንድ ትልም ድንች ነው።

እስቲ አንድ ቤት በሐሳባችሁ ተመልከቱ። ሕፃኑ የእናቱን ጡት ብቻ በሚጠባበት ጊዜ ደኅና ሆኖ ያድጋል። ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ መቅመስ ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ስኳር የገባበት አጥሚት ወይም ሙዝ ወይም ማር በቀመሰ ቁጥር ያስመልሰዋል፤ ያልበዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነቱ ይዝላል። ክብደቱ አይጨምርም። ጎረቤት የተሰበሰበ እንደ ሆነ አንዱ «ቡዳ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጥርስ እያወጣ ነው» ይላል። እናቱም አዝና «ጉልበት ይሁነው» ብላ ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣዋለች። ልጁም ከቀድሞው ይብስበታል።

ይህ በሽታ ስም አለው። በዘር የሚወረስ የፍሩክቶስ አለመስማማት ይባላል። በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ አይደለም፤ በአውሮፓ እንደሚገመተው ከ20,000 እስከ 30,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ቢገኝበት ነው። ታዲያ ለአንድ ልጅ ሲባል ይህን ሁሉ ንግግር ምን አመጣው የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በሽታው የሚጠበቀው በሚበላው ምግብ ስለ ሆነ፣ የልጁ ጤንነት የሚጀምረው ከሐኪሙ ቤት ብቻ ሳይሆን ከእርሻው ዳርና ከወጥ ቤቱም ነው። በድንች ውስጥ ያለው ስኳር ይበዛ ወይም ያንስ ዘንድ የሚያደርገው ደግሞ በአብዛኛው የገበሬው እጅ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ፍሩክቶስ ማለት በፍራፍሬና በማር ውስጥ የሚገኝ የስኳር ዓይነት ነው። ከሱቅ የምንገዛውም ስኳር ሲፈጭ እኩሌታው ግሉኮስ፣ እኩሌታው ፍሩክቶስ ይሆናል። ፍሩክቶስ ወደ ጉበት በደረሰ ጊዜ አልዶሌዝ ቢ የሚባለው ኢንዛይም ይሰባብረዋል። በዚህ በሽታ የተወለደ ሰው ግን ይህ ኢንዛይም የለውም ወይም አይሠራለትም። ስለዚህ በግማሽ የተፈጨው ፍሩክቶስ በጉበቱ ውስጥ እየተጠራቀመ የጉበቱን ሥራ ያግዳል። ጉበት ደግሞ ለሰውነት ግሉኮስ የሚያወጣ ጎተራ ነው። ጎተራው በተዘጋ ጊዜ የደም ስኳር ይወርዳል፤ ልጁም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። ነገሩ ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ የቆየ እንደ ሆነ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሕይወትንም ያሳጣል።

የእናት ጡት ልጁን የማይጎዳው የወተት ስኳር ፍሩክቶስ ስለሌለበት ነው። ስለዚህ ሕመሙ የሚመጣው ሌላ ምግብ በተጀመረ ጊዜ ነው። ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ ራሱ ጣፋጭ ይጠላል። ማር ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል፤ ከረሜላ ይተፋል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስኳር ስለማይበሉ ጥርሳቸው ብዙ ጊዜ ሳይነቅዝ ይኖራል። ይህን ልጅ «ጥጋበኛ ነው» ብሎ በግድ ማጉረስ ትልቅ ጥፋት ነው።

ሐኪሞች ይህን ነገር የለዩት ከረጅም ዘመን በፊት አይደለም። በ1956 እ.ኤ.አ. ቻምበርስና ፕራት የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ፍሩክቶስ የማይስማማት አንዲት የ24 ዓመት ወጣት መኖሯን ጽፈው ገለጹ። በተከታዩ ዓመት በ1957 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ፍሮሽና ባልደረቦቹ በሽታው በዘር የሚወረስ መሆኑን አስረዱ።

በዘር የሚወረስ ስንል የእናት ብቻ ወይም የአባት ብቻ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። ልጁ የሚታመመው ከሁለቱም ወላጆቹ አንዳንድ የተበላሸ የዘር ቅንጣት በደረሰው ጊዜ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ መያዛቸውንም አያውቁም። እንዲህ ካሉ ወላጆች የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕጣው ከአራት አንድ ነው። አያቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቁጠራቸው እንዲህ ያሉ በሽታዎች እንዳይበዙ ይረዳል፤ ሆኖም የማይዛመዱ ሁለት ሰዎችም ሳያውቁ ይህን ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ በእናቲቱ መፍረድ፣ ወይም ልጁን እንደ ተረገመ መቁጠር ተገቢ አይደለም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ያስመለሰው ልጅ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ማስመለስ የሚመጣው ከሌላ ሕመም ነው። ስለዚህ ማንም በግምት ተነሥቶ ከልጁ ምግብ አይቀንስበት። እንዲሁም «እስቲ ስኳር ሰጥቼ ልየው» ብሎ በቤት ውስጥ የሚፈትን ሰው ልጁን ሊገድለው ይችላል። የተጠራጠረ ሁሉ ሕፃኑን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምን በልቶ ምን እንደ ሆነ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደ ጀመረው አስተካክሎ ይንገር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቀድሞ ማሳየት ጉበቱን ያድነዋል።

ድንች ለምን ተመረጠ?

በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከማር፣ ከስኳር፣ ከፍራፍሬ፣ ከብርዝና ከጠጅ፣ ከለስላሳ መጠጥ ይከለከላል። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቲማቲምም ስኳር ስላለባቸው ይጠበቃል። እንግዲህ ልጁ ምን ይብላ? ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ቅቤ ሌላ ነገር ካልተጨመረባቸው ይስማሙታል። ከሥራ ሥር ደግሞ የሚሻለው ድንች ነው። የድንች ትልቁ ክፍል ከውሃው ቀጥሎ ስታርች ነው። ስታርች በሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚሆነው ግሉኮስ ብቻ ስለ ሆነ ልጁን አይጎዳውም፤ ይልቁንም ጉልበት ይሰጠዋል።

ነገር ግን ድንች ጥቂት ስኳርም አለበት። በደንብ የበሰለና በደንብ የተቀመጠ ድንች ከ100 ግራሙ ውስጥ ስኳሩ ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም ያንሳል፤ ከዚያም ውስጥ ፍሩክቶስ የሚሆነው 0.3 ግራም ያህል ነው። ይህ ለእኛ ምንም አይደለም። ለዚህ ልጅ ግን ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ40 ሚሊግራም ፍሩክቶስ እንዳያልፍ የሚያዝዙበት ጊዜ አለ። ልጁ 10 ኪሎ ቢመዝን የቀኑ ልክ 400 ሚሊግራም፣ ማለት ግማሽ ግራም የማይሞላ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 2 ግራሙ ፍሩክቶስ ነው። እንግዲህ አንዲት ማንኪያ ስኳር ለአምስት ቀን የተፈቀደውን በአንድ ጊዜ ትጨርሳለች። ልኩ ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን፣ ስኳሩ የበዛ ድንችና ስኳሩ ያነሰ ድንች ለልጁ አንድ አይደሉም። የእያንዳንዱን ልጅ ልክ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ አንድ ስለ ሆነ ብቻ የሚያሳስት ነገር አለ። ስኳር ድንች ከድንች ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ከ100 ግራም ጥሬ ስኳር ድንች ውስጥ 4 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ስሙም ይመሰክርበታል። ስለዚህ ስኳር ድንች ለዚህ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ከድንቹም ጋር በአንድ ድስት አይቀቀልም።

ድንች ስኳር የሚያበዛው መቼ ነው?

ድንች ስኳር የሚያበዛባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ ያልደረሰ ሲሆን፣ ብርድ ሲመታውና ሲያረጅ።

የመጀመሪያው አለመድረስ ነው። ቅጠሉ ስኳር እየሠራ ወደ ታች ይልካል፤ ከመሬት በታች ያለው ድንች ደግሞ የመጣለትን ስኳር ወደ ስታርች እየለወጠ ያከማቻል። ድንቹ ገና ለጋ ሳለ ብትቆፍሩት ወደ ስታርች ሳይለወጥ የቀረ ስኳር ብዙ ይገኝበታል። በሽታ ወይም ውርጭ ቅጠሉን ቀድሞ ያቃጠለበት ድንችም እንዲሁ ሳይደርስ የቀረ ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ድንች ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ስፍራ ቢቀመጥ ስታርቹን መልሶ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ይህን ነገር በ1882 እ.ኤ.አ. ሙለር ቱርጋው የተባለው የስዊስ ሊቅ መርምሮ ጽፎታል። በደጋ አገር የሕዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ እናንተ ታውቃላችሁ። ተቆፍሮ በሜዳ የተከመረና ሌሊት ያደረ ድንች፣ በከተማም በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ድንች፣ ሲበስል የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው እርጅና ነው። ብዙ ቆይቶ ያጎነቆለና የተጨማደደ ድንች ለአዲሱ ቡቃያ ምግብ ይሆነው ዘንድ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል። ብርድ ያጣፈጠውን ድንች በሙቀት ጥቂት ማሻል ይቻላል፤ እርጅና ያጣፈጠው ግን አይመለስም።

በእርሻው ላይ የሚደረግ

በነሐሴና በመስከረም እህል ባለቀበት ጊዜ ድንች ቤተ ሰቡን የሚያሻግር ምግብ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሳይደርስ ቆፍሮ መብላት ግድ ይሆናል። በዚህ የምነቅፋችሁ አይደለሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አንድ ትልም ለእርሱ ለዩለት፤ ሳይደርስም እንዳይነካ ምልክት አድርጉበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ልጁ በቀን 100 ግራም ቢበላ በሦስት ወር 9 ኪሎ ይበቃዋል። ልጣጩንና የሚጣለውን ጨምረን 15 ኪሎ እንበል። 25 ሜትር በሚረዝም ትልም ላይ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከ80 የማያንስ ግንድ ይተከላል። ከአንዱ ግንድ 300 ግራም ብቻ ቢገኝ 24 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ወቅት አንድ ትልም ይበቃል። የሚቀጥለው ደግሞ ከበልጉ ወይም ከመስኖው ይዘጋጃል። ጃለኔም ሆነ ጉደኔ ወይም በለጠ ዘራችሁ፣ ዋናው ነገር ሙሉ በሙሉ መድረሱ ነው።

መድረሱንም እንዲህ ታውቃላችሁ። እንደ ዘሩና እንደ አገሩ ከፍታ ከ90 እስከ 120 ቀን ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። ያን ጊዜ ግንዱን አጭዳችሁ ድንቹን በመሬት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ተዉት፤ ልጣጩ ይጠነክራል። ከዚያ አንዱን አውጥታችሁ በአውራ ጣታችሁ እሹት። ልጣጩ ተገፍፎ የመጣ እንደ ሆነ ገና ነው። ካልተገፈፈ ቆፍሩት። በጠራ ቀን ቆፍራችሁ፣ አፈሩን በእጅ አራግፋችሁ፣ ሳታጥቡ፣ በዚያው ቀን ከብርድና ከፀሐይ አግቡት።

በጎተራ የሚደረግ

ለዘር የሚሆነውንና ለምግብ የሚሆነውን ለዩ። የዘር ድንች ብርሃን በሚገባበት ጎተራ ላይ ይደረደራል፤ የምግብ ድንች ግን በጨለማ ይቀመጣል። ብርሃን ያገኘው ድንች ይአረንጓዳል፤ አረንጓዴ የሆነውም መርዝ ስላለበት ለዚህ ልጅ ቀርቶ ለማንም አይሰጥም።

የልጁን ድንች አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም ጆንያ አድርጋችሁ፣ ጨለማና ደረቅ በሆነ፣ ሌሊቱ በማይበርድ የቤት ክፍል አኑሩት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚሆን ስፍራ መልካም ነው። በብርድ ያደረ ድንች ብቻ ካላችሁ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሚሆን ሞቅ ያለ ክፍል ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት አቆዩት፤ ከስኳሩ ብዙው ወደ ስታርች ይመለሳል፣ ከፊሉም ድንቹ ሲተነፍስ ያልቃል። በየሳምንቱ እየለቀማችሁ ያጎነቆለውን፣ የተጨማደደውን፣ የቆሰለውን ለይታችሁ አውጡ። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በላይ አታቆዩት።

በመጥበሻ መፈተን

ድንቹ ስኳር የበዛበት መሆኑን በቤታችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ከክምሩ ውስጥ ከአምስት ድንች ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስ ቁራጭ ቁረጡ፤ በደንብ በጋለ ዘይት ውስጥ አረፋው እስኪያቆም ጥበሱት። ቁራጩ ነጣ ያለ ወርቃማ መልክ ቢይዝ ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ ጥቂት ነው። ፈጥኖ ቢጠቁር ግን ብዙ አለበት፤ ያ ክምር ለልጁ አይሆንም፤ እናንተ ብሉት። የጠበሳችሁትንም ቁራጭ ለልጁ አትስጡት።

ይህ ፈተና ግን ሁሉን አያሳይም። ባልደረሰ ድንች ውስጥ የሚበዛው ስኳር ከሱቁ ስኳር ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እርሱ በዘይት ውስጥ እንደ ሌሎቹ አያጠቁርም፤ በሆድ ውስጥ ግን ፍሩክቶስ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል። መድረሱን አውራ ጣታችሁ ይመስክር፤ ብርድ አለመመታቱን መጥበሻው ይመስክር። አንዱ ምስክር ብቻውን አይበቃም።

ይህን ማወቅ ለገበያም ይጠቅማችኋል። በከተማ ድንች የሚጠብሱ ሰዎች የሚጠቁር ድንች አይፈልጉም። ለልጁ ስትሉ የተማራችሁት አያያዝ ለሽያጭ የምታወጡትንም ድንች ዋጋ ይጠብቅላችኋል።

በወጥ ቤት የሚደረግ

አሁን ደግሞ ለቤት እመቤቶች ልንገር። ስኳር በውሃ ይሟሟል፤ ስታርች ግን በቀላሉ አይሟሟም። የአሠራሩ ምሥጢር ይህ ብቻ ነው፤ ስኳሩን በውሃ አስወጥቶ ውሃውን መድፋት።

1ኛ. ጠንካራ፣ ያልጎነቆለ፣ አረንጓዴ ያልሆነ ድንች ምረጡ። በደንብ አጥባችሁ ላጡት።

2ኛ. በትንንሹ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ክተፉት። ሙሉውን ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ስኳሩን በውስጡ ይዞ ይቀራል።

3ኛ. በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፤ በመካከሉ ውሃውን ለውጡ።

4ኛ. ውሃውን ደፍታችሁ ድንቹን በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። ውሃው ከድንቹ አምስት እጥፍ ያህል ይሁን። ፈልቶ ድንቹ መለስለስ ሲጀምር ውሃውን ድፉ፤ ሌላ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ እስኪበስል ቀቅሉት።

5ኛ. ይህንም ውሃ ድፉት። ለልጁ ሾርባ ወይም አጥሚት እንዳታደርጉበት ተጠንቀቁ፤ ከድንቹ የወጣው ስኳር በእርሱ ውስጥ ነው።

6ኛ. ድንቹን ፍጩት፤ ስኳር ያልገባበት ወተት፣ ቅመም ያልገባበት ቅቤና ጥቂት ጨው ጨምራችሁ አብሉት። ከፍ ላለው ልጅ የተቀቀለ እንቁላል ወይም በደንብ የተከተፈ ሥጋ ይታከልበት።

በረመጥ የተጠበሰ ወይም በዘይት የተጠበሰ ድንች ለዚህ ልጅ አይመከርም። ውሃው ይተንና ስኳሩ በድንቹ ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የወጥ ነገር ነው። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ በርበሬውም ሲዘጋጅ ሽንኩርት ይገባበታል። ስለዚህ ከቤተ ሰቡ ድንች ወጥ ላይ ለልጁ ድንቹን ብቻ እየለቀሙ መስጠት አይገባም፤ መረቁ ገብቶበታልና። ለልጁ የተለየች ድስትና የተለየች ማማሰያ ይኑሩት። በአንድ ትሪ ቀርቦ የሚበላ ሲሆን፣ ልጁ ብቻውን ተገልሎ እንዳያዝን የእርሱን ድንች በትሪው አጠገብ አቅርቡለት፤ ትልልቆቹም ከእርሱ ሳህን ይቅመሱ። የሚያጎርሰው ሰው ግን እጁን ታጥቦ ይሁን። እንግዳ፣ አያት፣ አክስትም ሁሉ ይነገራቸው፤ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚጎዳው ክፉ ሰው ሳይሆን ከፍቅር የተነሣ ማር የሚያልስ ሰው ነው።

ሌላም የማልሸሽገው ነገር አለ። ድንቹን እንዲህ ስታጥቡትና ስትቀቅሉት ከስኳሩ ጋር ቫይታሚን ሲም በውሃው ይሄዳል። ልጁ ፍራፍሬም ስለማይበላ ይህ ቫይታሚን ይጎድለዋል። ስለዚህ ሐኪሙን ስኳርና ሶርቢቶል የሌለበት ቫይታሚን ይዘዝለት ዘንድ ጠይቁ። ሶርቢቶል በአንዳንድ የሚጠጡ መድኃኒቶችና «ስኳር የለበትም» ተብለው በሚሸጡ ከረሜላዎች ውስጥ የሚገኝ ጣፋጭ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ፍሩክቶስ ስለሚሆን እርሱም ይጎዳዋል። ከመድኃኒት ቤት ሽሮፕ በሚሰጣችሁ ጊዜ ሁሉ የልጁን በሽታ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በድንገት ቢታመም

ልጁ ተሳስቶ ጣፋጭ በልቶ ቢያልበውና ቢዝል፣ እንደ ልማድ ስኳር በጥብጣችሁ አታጠጡት። የሚያድነው መስሏችሁ የሚገድለውን ትጨምሩበታላችሁ። የሚሰጠው ግሉኮስ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት የግሉኮስ ዱቄት አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ ማስቀመጥ አለበት። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ምንም በአፉ ሳታደርጉ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ተቅማጥ በያዘውም ጊዜ በቤት ከስኳርና ከጨው የሚበጠበጠው ውሃ ለእርሱ አይሆንም፤ በጤና ጣቢያ የሚገኘው በግሉኮስ የተዘጋጀው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ይሰጠው፤ ዱቄቱንም የጤና ሠራተኛው ይመልከተው። በሽታው በወረቀት ተጽፎ ከልጁ ጋር ይኑር፤ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ ፍሩክቶስና ሶርቢቶል የሌለበት መሆን አለበትና።

ለልማት ሠራተኞች

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ እናንተ ሐኪሞች አይደላችሁም፤ በሽታውንም እናንተ አትለዩትም። ነገር ግን ከቤት ወደ ቤት ስትዘዋወሩ ከማንም በፊት የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። «ልጄ ማር በላ ቁጥር ያስመልሰዋል» የምትል እናት ያገኛችሁ እንደ ሆነ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አገናኟት። በሐኪም የተረጋገጠ ልጅ ካለ ደግሞ ሥራው የእናንተ ነው፤ አባቱ ትልሙን ሲለይ፣ መድረሱን ሲመረምር፣ የጎተራውን ሙቀት ሲለካ አብራችሁት ሁኑ። ቴርሞሜትር ያላችሁ ሌሊት በጎተራው ውስጥ አስቀምጣችሁ ማለዳ አንብቡት። አባቱ ማንበብ ባይችል ድንች ማከማቻው ላይ የተቆፈረበትን ቀን በእንጨት ላይ እንዲጭር አሳዩት።

ወገኖቼ፤ ይህ በሽታ የሚድንበት መድኃኒት ገና የለውም፤ ነገር ግን ቀድሞ የታወቀለትና ምግቡ የተጠበቀለት ልጅ እንደ እኩዮቹ አድጎ፣ ሞፈር ተሸክሞ ወይም ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ትዳር ይዞ ይኖራል። ይህንም የሚያደርግለት ውድ ነገር አይደለም። ሲደርስ የተቆፈረ፣ ብርድ ያልነካው፣ ያልጎነቆለ፣ ተከትፎ በብዙ ውሃ የተቀቀለና ውሃው የተደፋ ድንች ነው።

በሚመጣው የተከላ ወቅት ማሳችሁን ስትተልሙ ይህን አስቡ። ልጁ የእናንተ ከሆነ አንዱን ትልም ለዩለት። የጎረቤት ከሆነም፣ የጎረቤታችሁ ድንች በበሽታ ወይም በውርጭ የተመታ ጊዜ ከእናንተ የደረሰ ድንች አንድ ቅርጫት አትንፈጉት።

እግዚአብሔር አዝመራችሁን ይባርክላችሁ።